ሙጫ የተባሉት ሕዋሳት



በ2007 ዓ.ም. የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ተማሪዎቻችንን ይዘን ከጎንደር ወደ ስሜን ተራሮች ወጥተን ነበር። ዳባትን አልፈን፣ ደባርቅ ላይ ምሳ በልተን፣ በዚያው ዕለት 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከጨነቅ ሰፈር ደረስን። መተማ ቤተሰቦቹ ዘንድ ሰንብቶ በዋዜማው የተመለሰ አንድ ልጅ ማታውኑ ራሱን አመመው። መንገዱ ያደከመው መስሎን ሻይና ክኒን ሰጥተን አስተኛነው። ሌሊት አስታወከ፤ ጠዋት ሲነሳ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። እኛ ግን አሁንም ብርድ ነው ብለን ፀሐይ ልናስሞቀው ስንል አብሮን የነበረው ሽማግሌ ስካውት ተቆጣ።

«መምህር፣ ይህን ልጅ ፀሐይ አያድነውም። አሁኑኑ ወደ ታች አውርዱት!»

አወረድነው። ከዚያ በኋላ ግን «ተራራው በልጁ ራስ ቅል ውስጥ ምን ሠራ?» የሚለው ጥያቄ አልለቀቀንም።

ስለ አንጎል ስናስተምር የነርቭ ሕዋስን ሰሌዳ ላይ ሥለን፣ በዙሪያው ያሉትን ደጋፊ ሕዋሳት በአንድ መስመር እናልፋቸዋለን። ስማቸውም አልረዳቸውም። የጀርመኑ ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾ በ1856 እ.ኤ.አ. ኒውሮግሊያ ሲላቸው የነርቭ ሙጫ ማለቱ ነበር። ለረጅም ዘመን እንደ ጎጆ ምርጊት ክፍተት መሙያ ተደርገው ታዩ። በቁጥር የነርቭ ሕዋሳትን አሥር እጥፍ ይበልጣሉ የሚለውም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ኖሮ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ቆጠራ ሁለቱ ወገኖች ተቀራራቢ መሆናቸውን አሳየ፤ እያንዳንዳቸው 85 ቢሊዮን ገደማ ናቸው።

ከእነርሱ መካከል ኦሊጎዴንድሮሳይት የሚባሉት የነርቭን ክር ማየሊን በተባለ ቅባታማ ልባስ ይጠቀልላሉ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ፕላስቲክ እንደሚለብሰው ማለት ነው። መልእክት ፈጥኖ የሚሄደው በዚህ ልባስ ነው። ማይክሮግሊያዎቹ ደግሞ ዘበኛም ጽዳት ሠራተኛም ናቸው፤ ተሕዋስያንንና የሞተ ሕዋስን ይውጣሉ።

ለእኛ ጥያቄ የሚቀርቡት ግን በኮከብ ቅርጻቸው አስትሮሳይት የተባሉት ናቸው። አንዱ እጃቸው ከነርቭ ሕዋስ ጎን ነው፤ የእግራቸው መዳፍ ደግሞ የደም ሥርን ዙሪያውን ያቅፋል። ከደም ስኳር ተቀብለው ያካፍላሉ፤ ለክፉ ቀንም ጥቂት ያከማቻሉ፤ የአንጎል ጎተራ በአብዛኛው እነርሱ ዘንድ ነው። የነርቭ ሕዋሳት ሲነጋገሩ የሚተርፈውንም ኬሚካል ይጠርጋሉ። በእግራቸው መዳፍ ላይ የውሃ መግቢያና መውጫ በሮች አሉ።

እንግዲህ አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከኦክስጅኑ 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። በራስ ዳሸን ጫፍ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ወደ አንጎል የሚፈስሰው ደም ይጨምራል፣ የደም ሥሮች ውሃ ማሾለክ ይጀምራሉ፣ አስትሮሳይቶቹም ያብጣሉ። የራስ ቅል ደግሞ አጥንት ነው፤ አይለጠጥም! ራስ ምታት በከፍታ ቦታ የተለመደ ነው፤ መንገዳገድና መደናገር ከተጨመረበት ግን አንጎል አብጧል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይገድላልም። መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ «እስኪነጋ» አይባልም።

የአገሩ ሰው ታዲያ እንዴት ይኖራል? በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በዚያው በስሜን፣ አምባራስ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ነበር። ደማቸው እንደ ደቡብ አሜሪካ ተራራ ነዋሪዎች አልወፈረም፤ በደማቸው ያለው ኦክስጅንም በአማካይ ከ95 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። ስካውታችን ከዚህ ሕዝብ ነው፤ ከቆላ የመጣውን እንግዳ ሕመም ግን ከእኛ ቀድሞ ለየ።

ልጁ ደባርቅ ስንደርስ አሁንም ፊቱ እንደገረጣ ነበር። በማግስቱ ዳባት ላይ ከመኪናው በራሱ እግር ወርዶ፣ «ጋሼ፣ ርቦኛል» አለን።