ለዚምባብዌ ሴቶች በቋንቋቸው ይጻፍላቸው

በዚምባብዌ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃትና ስለ ኤች አይ ቪ መከላከል የሚዘጋጅ በራሪ ወረቀትም ሆነ የሥልጠና መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሀራሬ ላይ ባለሙያዎች ይሰበሰባሉ፣ ረቂቁ ይታረማል፣ ለጋሹ አስተያየቱን ይሰጣል፣ ሥዕሉ ይሣላል። ወደ አገሪቱ ዋና ቋንቋዎች ወደ ሾናና ወደ ንዴቤሌ የመመለሱ ነገር የሚነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ማተሚያ ቤቱ ሲያጣድፍና በጀቱ ሲሟጠጥ ነው። ተርጓሚው ያልገባውን የሚጠይቅበት ጊዜ የለውም፤ ቢጠይቅም መላሹ ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል። ይህ አሠራር ሴቶችን እየጎዳ ነው ብዬ አምናለሁ። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ትርጉም ራሱ የመከላከል ሥራ ስለሆነ መታቀድም፣ መከፈልም፣ መለካትም ያለበት እንደዚያው ነው።

ዚምባብዌ ኤች አይ ቪን በመታገል ከአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዷ ናት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአራት ዐዋቂዎች የአንዱ ያህል በደሙ ውስጥ ቫይረሱ ይገኝ ነበር። በ2020 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ግን ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዎች መካከል ሥርጭቱ 12.9 በመቶ መሆኑን አሳየ። ቫይረሱ እንዳለባቸው ከሚያውቁት ውስጥም 97 በመቶዎቹ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ይሁንና በዚያው ጥናት በሴቶች ላይ የታየው ሥርጭት 15.3 በመቶ ሲሆን በወንዶች 10.2 በመቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም እንደሚሉት፣ ቫይረሱ በተስፋፋባቸው አንዳንድ አካባቢዎች ከባሏ ወይም ከፍቅረኛዋ ጥቃት የደረሰባት ሴት በቫይረሱ የመያዝ ዕድሏ ካልደረሰባት አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዱላ የምትፈራ ሴት ኮንዶም አድርግ አትልም። ብትመረመር ውጤቱን መናገር ይመጣልና ምርመራውን ትሸሻለች። መድኃኒት ከጀመረችም ብልቃጡን ዱቄት ውስጥ ትደብቃለች፤ ቤቱ ሰው የሞላ ቀን ሳትውጠው ታድራለች። ይህ ሁሉ ፍርሃት፣ ማባበልና ማስፈራራት የሚካሄደው በሾናና በንዴቤሌ ነው። ትምህርቱ ግን ከእንግሊዝኛ ተገልብጦ ይደርሳታል።

ተገልብጦ ሲደርስ ምን እንደሚሆን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። እኛ በአማርኛ «መታት» ስንል ወንድ ሴትን እንደመታ በዚያችው አንዲት ቃል ይታወቃል። ሾናና ንዴቤሌ በግሣቸው ወንድና ሴት አይለዩም። የሾናው «አካሙሮቫ»ም ሆነ የንዴቤሌው «ዋምቻያ» እሱ እሷን መታትም፣ እሷ እሱን መታችውም፣ እሷ እሷን መታቻትም ሊሆን ይችላል። አሁን ባል፣ ሚስትና አማት ያሉበትን የማስተማሪያ ታሪክ እናስብ። በእንግሊዝኛው ተውላጠ ስሙ ብቻ የገፋው ወንድ፣ የተገፋችው ሴት መሆኗን ይናገራል። የተቻኮለ ተርጓሚ ዐረፍተ ነገሩን እንዳለ ካሻገረው በጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የሚነበብላት ሴት ማን መቺ ማን ተመቺ እንደሆነ ይጠፋባታል። ክፍተቱንም በለመደችው ትሞላዋለች፤ «አማቷን አስቆጥታ ይሆናል» ብላ ታልፋለች። ጥሩ ተርጓሚ በየቦታው ባልየው፣ ሚስትየዋ እያለ ታሪኩን እንደገና ይሠራዋል። ለዚህ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከጽሑፉ ባለቤቶች ጋር መነጋገርም ይፈልጋል።

ከመነሻው በሾና የሚጽፍ ሰው ደግሞ ይህንኑ ጠባይ መሣሪያ ማድረግ ይችላል። የውይይቱ አመቻች የጾታ ምልክት የሌለበትን ታሪክ እስከ መጨረሻው ታነብና «መቺው ማን መሰላችሁ? ለምን?» ብላ የተሰበሰቡትን ወንዶች ትጠይቃለች። ከዚያ የሚነሣው ክርክር ከየትኛውም ፖስተር የበለጠ ያስተምራል። ይህ ዘዴ በእንግሊዝኛ ለሚያስብ አዘጋጅ ሊታየው አይችልም።

የአክብሮቱ ነገርም አለ። ሾና እንደ አማርኛ አንቱታ አለው፤ ለታላቅና ለተከበረ ሰው በብዙ ቁጥር ይነገራል። የእንግሊዝኛው ሁለተኛ መደብ ግን አንድ ስለሆነ ለወጣት የተዘጋጀው ጽሑፍ ለልጆች እናትም እንዳለ ይሄዳል። በ«አንቺ» የተጠራች ባለትዳር ሴት ወረቀቱ ለሴት ልጇ እንጂ ለእሷ የተጻፈ ነው ብትል አልፈርድባትም።

የ72 ሰዓቱ ጉዳይ ከሁሉ ያስጨንቀኛል። የተደፈረች ሴት ቫይረሱ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በጀመረች ቁጥርም ይሻላል፤ ከዚያ ለ28 ቀናት ትወስደዋለች። ሰዓቱን በቁጥር ብቻ አስቀምጦ ማለፍ ለእኔ ትርጉም አይባልም። ዓርብ ማታ የተደፈረች ሴት የመጨረሻ ጊዜዋ ሰኞ ማታ ነው ተብሎ ይጻፍላት። ወረቀቱ የዘመዶችን ምክክርም በስሙ ይጥራ። እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ ነገሩ መጀመሪያ ወደ አክስት፣ ወደ አጎት፣ ወደ አያት ይሄዳል፤ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ሁለት ቀን፣ ካሣ እስኪነጋገሩ ሌላ ሁለት ቀን ያልፋል። ዘመዶቿን ሳያስቀይም «ምክክሩ ይቆያል፤ ክሊኒኩ አይቆይም» የሚል ጽሑፍ ያስፈልጋታል። ይህን በደንብ የሚያውቁት በአካባቢው ያደጉ ሴቶች ናቸው። እነሱ ደግሞ ረቂቁ ሲዘጋጅ አልተጠሩም።

ንዴቤሌው ብዙ ጊዜ የሾናው ተከታይ ተደርጎ ይታያል፤ ይባስ ብሎ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ የዙሉ ጽሑፍ ጥቂት ተነካክቶ ቡላዋዮ ላይ ቢታደል ይበቃል የሚልም አይጠፋም። ንዴቤሌና ዙሉ ዘመዳሞች ናቸው፤ የሰዉ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ከ1983 ጀምሮ እስከ 1987 ድረስ ጉኩራሁንዲ በሚባለው የመንግሥት ዘመቻ ንዴቤሌ በሚነገርበት በማታቤሌላንድና በሚድላንድስ ሺዎች ተገድለዋል። ዘመቻውን ያካሄደው፣ በሰሜን ኮሪያ አሠልጣኞች የሠለጠነው የአገሪቱ ጦር አምስተኛ ብርጌድ በአብዛኛው ሾና ተናጋሪ ነበር። የካቶሊክ የፍትሕና የሰላም ኮሚሽን ከአንድ የሕግ ድርጅት ጋር በ1997 ያወጣው ዘገባ የሴቶችን መደፈርም መዝግቧል። በማታቤሌላንድ፣ ቾሎቾ ወይም ሉፓኔ ለምትኖር፣ ያን ዘመን ለምታስታውስ ሴት «ጥቃት ከደረሰብሽ ወደ ፖሊስ ሂጂ» የሚለው ምክር ለሀራሬ ሴት ከሚሰጠው ስሜት የተለየ ስሜት ይሰጣታል። ፖሊስ ጣቢያው ስትደርስ በንዴቤሌ የሚያናግራት ሰው ይኑር አይኑር እንኳ እርግጠኛ አይደለችም። ስለዚህ የንዴቤሌው ጽሑፍ ከሾናው አይገልበጥ፤ ለብቻው፣ እዚያው ማታቤሌላንድ፣ የት መሄድ እንደሚቻልና ማን እንደሚቀበላት ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ይጻፍ።

ሾናና ንዴቤሌ ጨዋ ቋንቋዎች ስለሆኑ ስለ ሩካቤና ስለ ጥቃት መናገር አይችሉም የሚለውን ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ አልቀበለውም። ዘፋኙ ኦሊቨር ሙቱኩድዚ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ቶዲ» በተባለው የሾና ዘፈኑ ስለ በሽታው ብቻ ሳይሆን አብሯት በሚኖር ሰው ስለምትደፈር ሴትም ዘፍኗል፤ አገር ሁሉም አብሮት አዜመው። ስለ ሩካቤ ለልጃገረድ መንገር በሾና ባህል የአባት እኅት፣ የ«ቴቴ» ሥራ ነበር። ሀራሬ የሚገኘው የሥልጠናና የምርምር ድጋፍ ማዕከል «አንቲ ስቴላ» ብሎ ያዘጋጀው የወጣቶች ማስተማሪያ የተመሠረተው በዚሁ የአክስት ወግ ላይ ነው፤ ልጆች ለአክስት በጻፉት ደብዳቤ መልክ ጥያቄ ይቀርባል፣ ተወያይተው መልሱን ያያሉ። የ2007 የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግም ለሟች መንፈስ ካሣ ተብላ የምትሰጥን ልጃገረድ ጉዳይ ጥቃት ብሎ ሲደነግግ በእንግሊዝኛ ዙሪያውን መግለጽ ነበረበት። የሾና ገበሬ ነገሩን በስሙ ያውቀዋል።

አንድ እውነት ግን አለ። አንዳንድ ወጣቶች ስለ ሩካቤ በእንግሊዝኛ ማውራት ይቀላቸዋል፤ የውጭ ቃል ኀፍረቱን ያርቅላቸዋል። ይህን ምርጫ ልንነፍጋቸው አይገባም፤ የገጠር እናት ግን ያ ምርጫ የላትም። ሌላም አሳሳቢ ነገር አለ። ሚስት የምታነበውን ወረቀት ባልም ያነበዋል። በቋንቋው የተጻፈ፣ ርዕሱ በደማቅ ቀለም የታተመ በራሪ ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ሲገኝ ለዱላ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ዚምባብዌ በ2022 በየሁለት ወሩ የሚሰጠውን የኤች አይ ቪ መከላከያ መርፌ ከአፍሪካ ቀድማ ፈቅዳለች፤ ይህ መርፌ ከባሏ ፈቃድ ማግኘት ለማትችል ሴት ትልቅ ተስፋ ነው። መረጃው ወረቀት ሆኖ እቤቷ ከገባ ግን ምስጢሩ ይወጣል። ስለዚህ ከሚጻፈው ገሚሱ በጤና ባለሙያዋ አፍ፣ በሬዲዮ፣ በሴቶች ስብስብ ላይ እንዲነገር ሆኖ ይዘጋጅ። ለጆሮ የተጻፈና ለዓይን የተጻፈ ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ አንድ አይደለም።

በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ወደ ምባሬ ይሂድ። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 በሀራሬዋ የምባሬ ሠፈር ለተጨነቁ ሰዎች ምክር ከሚሰጡ ሴት አያቶች ጋር ሥራ ሲጀምር የሚመክሩበትን አግዳሚ የአእምሮ ጤና አግዳሚ ሊለው አስቦ ነበር። አያቶቹ «በዚህ ስም ማንም አይቀመጥበትም» አሉት፤ የወዳጅነት አግዳሚ ሆነ። የምክሩንም ደረጃዎች አእምሮን መክፈት፣ ማንሣት፣ ማጠንከር ብለው በራሳቸው ሾና ሰየሟቸው። በ2016 የታተመው ጥናት ምክሩ የሰዎችን ጭንቀት በግልጽ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ከተሳታፊዎቹ ጥቂት የማይባሉት ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ነበሩ። በእኛም አገር በጉራጌ አካባቢ የትዳር ጥቃትን ለመቀነስ የተሞከረው ፕሮግራም ውይይቱን በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ ያደረገው ለዚሁ ነው፤ ሰው በለመደው ቦታ፣ በለመደው አነጋገር እንዲናገር።

የአሜሪካ መንግሥት በጃንዋሪ 2025 የውጭ ዕርዳታውን ካገደና በጁላይ ወር የዕርዳታ ድርጅቱን ዩኤስኤአይዲን ከዘጋ ወዲህ ገንዘብ ሲጠፋ ቀድሞ የሚሰረዘው የጽሑፍ ዝግጅት እንዳይሆን እፈራለሁ። ዚምባብዌ ግን ብዙ አገሮች የሌላቸው ነገር አላት። ከ2000 ጀምሮ ከግለሰብና ከድርጅት የገቢ ግብር ላይ 3 በመቶ የኤድስ ቀረጥ ትሰበስባለች፤ የሚያስተዳድረውም ብሔራዊ የኤድስ ምክር ቤቷ ነው። ከዚህ ገንዘብ ላይ ለሾናና ለንዴቤሌ ቋሚ የጸሐፊዎች ቡድን ይቀጠር። ረቂቁ ከመታተሙ በፊት ለሴቶች ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ የሰሙትን በራሳቸው አነጋገር መልሰው ይናገሩ፤ ለዋሉበትም ቀን ይከፈላቸው። በወረቀቱ ላይ ያለው ቃል የጥቃት ሰለባዎችን በሚያስተናግደው የፖሊስ ክፍልና የጥበቃ ትእዛዝ በሚጠየቅበት የፍርድ ቤት ቅጽ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፤ ሴትየዋ ክሊኒክ የተማረችውን ይዛ ፍርድ ቤት ስትሄድ እንግዳ እንዳትሆን።

ጉዳዩ በሁለቱ ቋንቋዎች አያበቃም፤ የ2013ቱ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ለ16 ቋንቋዎች እውቅና ሰጥቷል። በዛምቤዚ ዳር በቢንጋ የሚኖሩት ቶንጋዎች በ1950ዎቹ ለካሪባ ግድብ ከመሬታቸው ተነሥተዋል፤ ዛሬም የጤና ትምህርት በአብዛኛው የሚደርሳቸው በሌላ ሰው ቋንቋ ነው። የሾናውና የንዴቤሌው ቡድን ሥራ እንደጀመረ ቀጣዩ ቅጥር በቢንጋ ይሁን።