የተሸናፊው ወንበር

በታሪክ መጻሕፍታችን ዳግማዊ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ በአፄ ቴዎድሮስና በአፄ ዮሐንስ መካከል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋሉ፡፡ ሦስት ዓመት ነግሠው በአንድ ውጊያ ስለወደቁ ንጉሥ ምን ይተረካል? እኔ ግን የሀገራችንን የሥልጣን ሕመም እንደ እርሳቸው ሕይወት አጉልቶ የሚያሳይ ታሪክ ጥቂት ነው እላለሁ፡፡

ዋግሹም ጎበዜ የሰቆጣ ገዥዎች ዘር ናቸው፡፡ ትውፊት እንደሚለው በ1262 ዓ.ም. ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ ከዛጉዌ ወገን ጋር ስምምነት ተደረገ፤ ዙፋኑን ያጣው ቤት ዋግን እየገዛ በብር ወንበር የመቀመጥ ክብር አገኘ፡፡ የስምምነቱን ዝርዝር የታሪክ ሊቃውንት ይከራከሩበት፤ የዋግሹምነት ማዕረግ ግን እስከ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘልቋል፡፡ ተሸናፊ ወንበር ያገኘበት ሥርዓት ነበር ማለት ነው፡፡

ጎበዜ ያደጉበት ዘመን ይህን ረስቶ ነበር፡፡ አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ቴዎድሮስ ሰቀሏቸው፤ ልጅም ሸፈቱ፡፡ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲያልፉ ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናትም አደሱ፡፡ የትግራዩን ካሣ ምርጫን እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽን አግብተው ስለነበር ከዋናው ተቀናቃኛቸው ጋር አማቾች ነበሩ፡፡ ዘር፣ ዘውድና ጋብቻ ሦስቱም በእጃቸው ነበሩ፡፡ የጎደላቸው ሁለት ነገር ነው፤ አቡነ ሰላማ ካረፉ በኋላ ቀብቶ የሚያነግሥ ጳጳስና ዘመናዊ መሣሪያ፡፡ ሁለቱንም ካሣ አገኙ፤ መሣሪያውን ከእንግሊዝ ጦር፣ ጳጳሱን አቡነ አትናቴዎስን ከግብፅ፡፡

ሐምሌ 5 ቀን 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አሳም ወንዝ ላይ ብዙው ሠራዊት በጥቂቱ ተሸነፈ፡፡ ንጉሠ ነገሥቱ ተማረኩ፤ ዓይናቸው መጥፋቱን ብዙ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ፤ በእስር ሳሉም አረፉ፡፡ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፡፡

ይህ የእኛ ብቻ ነውር አይደለም፡፡ የፖላንዱ መስፍን ቦሌስዋፍ ሣልሳዊ እ.ኤ.አ. በ1112 ገደማ የአባቱን ልጅ ዝቢግኒየቭን ዓይኑን አጠፋው፤ ኋላም ንስሐ ገባ፡፡ በ1138 ሲሞት ልጆቹ እንዳይጫረሱ ግዛቱን አከፋፈለ፤ ሀገሪቱ ግን ለረጅም ዘመን ተከፋፍላ ኖረች፡፡ ክፍፍል ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ ይህ ያስተምራል፡፡

ዮሐንስ ራሳቸው ከስምንት ዓመት ያህል በፊት በአሳም ያልታየውን በ1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ አሳዩ ቢባል ስሌቱ ይሳሳታል፤ ልዩነቱ ሰባት ዓመት እንኳ አይሞላም፡፡ ምኒልክ ገበሩ፤ የሸዋ ንጉሥነታቸውም ጸና፡፡ ያ ተሸናፊ ዓይኑ ቢጠፋ ኖሮ የኋላው ዓድዋ በማን ይመራ ነበር?

አንባቢዬ ሆይ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ዋግ ኽምራ እንደገና የጦር ሜዳ ሆነ፤ የአማቾች ልጆች ዳግም ተታኮሱ፡፡ በመሣሪያ የሚገኝ ሥልጣን የተሻለ መሣሪያ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ይቆያል፡፡ ማን ይንገሥ የሚለውን ጥያቄ ለዘመናት ስንጠይቅ ኖረናል፡፡ የተሸነፈው የት ይቀመጥ የሚለውን እስካልመለስን ድረስ ግን አሳም ወንዝ በየትውልዱ ይፈሳል፡፡