ተኳሹና ማሽኑ

ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ገና ጊንጪ ሳንደርስ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ጉበቱ ላይ ዕጢ ስለተገኘበት ዘመዳቸው ያወራሉ። «ውጭ አገር እኮ ቀላል ነው» ይላል አንደኛው፤ «መርፌ አስገብተው ያቃጥሉታል፤ ቢላ የለ፣ ደም የለ፣ በማግስቱ ቤትህ ነህ። ማሽኑ እዚህ ቅርባችን ቢኖር ይሄ ሁሉ መከራ ባልመጣ።» ሌላው ሳቀና «ድሮም አባቶቻችን ይተኩሱ ነበር እኮ» አለ።

ሰውዬው የቀለደ መስሎት ነው እንጂ ከጓደኛው ይልቅ እውነቱን የነካው እሱ ነበር። ስለ ማሽኑ የሚነገረውን ሁሉ ብንመዝነው የተኳሹ ነገር ነው፦ ክፉው ነገር ውስጥ አለ፣ እሳት ይነካዋል፣ ይሄዳል።

ተኩሱን ለዚህ አገር ሰው መተረክ አያስፈልግም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «ወፍ ነው» ይባላል፤ ጥፋተኛዋ በላዩ ያለፈች የሌሊት ወፍ ናት፤ መድኃኒቱ ክንድ ላይ ወይም ከቀኝ ጎድን በታች የሚያርፍ የጋለ ብረት ነው። የጉደር ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አዛውንት ከጎድናቸው ሥር ሦስት ጠባሳ ነበራቸው፤ እያንዳንዱ የሳንቲም ስፋት፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለና እንደ ሰም የሚያብለጨልጭ። ሸሚዛቸውን ገለጥ አድርገው «ልጄ፣ ወፏ የወጣችው በዚህ ነው» ይሉኝ ነበር። ደግሞም ድነዋል። ቢጫው ለቅቋቸው ያን ዓመት አርሰዋል።

ምሁር ነኝ ባዩ እዚህ ላይ ይስቃል፤ ለምን እንደዳኑ ግን አይጠይቅም። ዓይንን ቢጫ የሚያደርጉት የጉበት ቫይረሶች ኤ እና ኢ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ይለቃሉ። ቫይረስ ቢም በጉልምስና ከያዘ ከ10 ሰው 9ኙን ይለቃል። ስለዚህ ተኳሹ አይዋሽም፤ ከሚተኩሳቸው ብዙዎቹ ቀድሞውንም የሚድኑ ናቸው። ዝናውን ያገኘው ከእሳቱ ሳይሆን ከበሽተኞቹ ነው። አደገኛው ቫይረስ ቢ በወሊድ ጊዜ ወይም በሕፃንነት የሚገባው ነው። ያኔ ከ10 ሕፃናት በ9ኙ ውስጥ ይቀራል፤ ዓይን ቢጫ ሳያደርግ፣ ሳያስተኛ፣ 30 እና 40 ዓመት ጉበት ውስጥ ይኖርና ለካንሰር ዕጢ ሊዳርግ ይችላል። እሱን ማንም አይተኩሰውም፤ ማንም አላየውማ።

አሁን ወደ ማሽኑ። «መርፌ» የሚሉት ነገር ጫፉ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ዘንግ ነው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ በጎድን አጥንቶች መሐል አሳልፎ ዕጢው ውስጥ ይተክለዋል። አቅጣጫውን በፍጥነት የሚቀያይረው ኤሌክትሪክ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ያግላል፤ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ሴሉ ወዲያው ይሞታል። ሙቀቱ 100 አልፎ ከሄደ ግን ሥጋው ይከስላል፤ የከሰለ ሥጋ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ እሳቱ ራሱን ያንቃል። ዕጢው አጠገብ ትልቅ የደም ሥር ካለ ደግሞ ደሙ እየፈሰሰ ሙቀቱን ይወስደዋል፤ በዚያ በኩል ያለው ዕጢ ቀዝቃዛ ውሃ እንደተጨመረበት ድስት ሳይበስል ይቀራል፤ ካንሰሩ የሚመለሰው ከዚያ ነው። ማይክሮዌቭ የሚባለው ሌላው ዘዴ ይህን ቢያሻሽለውም ጨርሶ አላስቀረውም።

ከጉበት ውጪስ? ሐሞት ከረጢት፣ አንጀት፣ ጨጓራ፣ ድያፍራም ሁሉም ጎረቤት ናቸው። እሳት አጥር አያውቅም። የሐሞት ቱቦ ከተቃጠለ ይጠብና ጉበቱ ራሱ ይታመማል። የሞተው ሥጋ ከሳምንታት በኋላ መግል ሊቋጥር ይችላል፤ ሰውየው ያን ጊዜ ቤቱ ገብቷል፤ ትኩሳቱን ወባ ነው ብለው ያክሙታል። ዘንጉ ሲወጣ የካንሰር ዘር መንገዱ ላይ ሊያንጠባጥብ ይችላል። የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ ኤሌክትሪኩ ከሰውነት የሚወጣበት ንጣፍ ጭን ላይ ይለጠፋል፤ በደንብ ካልተያያዘ ቆዳውን ያቃጥላል። በሺዎች ዶላር የተከፈለበት ማሽን የተኳሹን ጠባሳ አስይዞ ሊመልስ ይችላል ማለት ነው።

«ታዲያ አደገኛ ነው?» ለሚለኝ፣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የጣሊያን ጥናት በ41 ማዕከላት የታከሙ 2,320 ሰዎችን ተከትሎ ከባድ ችግር የገጠማቸው 2.2 በመቶ፣ የሞቱትም 6 ብቻ መሆናቸውን ዘግቧል፤ ከስድስቱ ሁለቱ አንጀታቸው ተበስቶ ነው። እጅግ ጥሩ ቁጥር ነው። የሚኒባሱን ሰውዬ የሚያስጨበጭበውም ይህን መሰሉ ውጤት ነው፤ የነማን ቁጥር እንደሆነ ግን አይጠይቅም። የሕክምናው ዋና ተመራጮች ዕጢያቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ጉበታቸው ገና የሚሠራ፣ ሆዳቸው ውሃ ያልቋጠረ ሰዎች ናቸው። የማሽኑም ዝና እንደ ተኳሹ ግማሹ ከበሽተኞቹ የመጣ ነው። ልዩነቱ የማሽኑ ሐኪም ይህን ያውቃል፤ አጨብጫቢው አያውቅም።

ያን ትንሽ ዕጢ ማን ያገኘዋል? ጉበት ውስጡ ሕመም የሚሰማ ነርቭ የለውም፤ የሚያመው ሽፋኑ ሲወጠር ነው፤ ሽፋኑ ሲወጠር ደግሞ ዕጢው አብዛኛውን ጊዜ 3 ሴንቲ ሜትርን አልፏል። ቀድሞ የሚያገኘው ቫይረሱ ያለባቸውን ለይቶ፣ ጉበታቸው የተጎዳውን በየ6 ወሩ በአልትራሳውንድ ማየት ብቻ ነው። ጎረቤታችን ግን ተመርምረው አያውቁም። ሲመከሩ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «እኔ ተተኩሻለሁ፤ ወፏ ወጥታለች።» ሆዳቸው አብጦ አምቦ ሆስፒታል የደረሱ ዕለት የአልትራሳውንዱ ባለሙያ ከሦስቱ ጠባሳዎች በላይ እያሸ ያየው ዕጢ የቡጢ ያህል ነበር። ያን ዕለት ማሽኑ ከጎናቸው ቆሞ ቢሆን ኖሮ ማንም ጤነኛ ሐኪም አይሰካውም ነበር። የተኩሱ ትልቁ ጉዳት ጠባሳው አልነበረም፤ «ታክሜያለሁ» ማሰኘቱ ነው።

«ድሃ ስለሆንን ዘመናዊ ሕክምና አይገባንም ነው የምትለው?» የሚል አይጠፋም። ይህን ክርክር ሰልችቶኛል። ማሽን ይግባ፣ ባለሙያ ይሠልጥን፤ የተቃወመ የለም። ግን በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ በ6 ሳምንት ዕድሜ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደው፣ ማለትም ዛሬ ጎልማሳ የሆነው የምዕራብ ሸዋ ሰው፣ ደሙን ሳያይ ይኖራል። በአገሪቱ የቫይረሱ ሥርጭት 7 በመቶ ገደማ እንደሆነ ጥናቶች ተደምረው አሳይተዋል። ቫይረሱን የሚያፍነው ቴኖፎቪር በየቀኑ የሚዋጥ አንድ ክኒን ነው፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በአንድ መርሐ ግብር ሲሰጥ ቆይቷል። እኔ ብጠየቅ በባኮ፣ በጌዶና በጀልዱ ያለ ነፍሰ ጡር ሁሉ ሳይመረመርና ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ሳይከተብ ለማቃጠያ ማሽን አንዲት ሳንቲም አላወጣም።

የአዛውንቱ ታናሽ ልጅ ከአባቱ ቀብር በኋላ አምቦ ሄዶ ተመረመረ። ማታ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አለብኝ ተባልኩ» አለኝ፤ ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ «ምንም አያመኝም እኮ።» መቼ ተመለስ እንዳሉት ጠየቅኩት። በስድስት ወር ነው፣ ለአልትራሳውንድ።