«አገኘ» የምትለዋ ቃል

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



ባለፈው ሳምንት በመግሪብና በዒሻ መካከል፣ መስጂዳችን ጥግ ተቀምጦ ለፈተና የሚያጠና አንድ ወንድማችን «ኡስታዝ፣ የሃዋይ ደሴቶችን ያገኘው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ደብተሩን አየሁት። «ካፒቴን ጀምስ ኩክ፣ 1778» ይላል። «ኩክ ሲደርስ እዚያ ሰው ነበር?» አልኩት። «ብዙ ሰው ነበር» አለኝ። «ታዲያ የጠፋው ማን ነው?» ስለው ሳቀ። አጠገቡ የነበረው ጓደኛው ግን አልሳቀም። «ቢሆንም ኡስታዝ፣ ሥልጣኔ ያመጡላቸው እነሱ ናቸው» አለ።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ለሁለተኛው ወንድሜና እንደሱ ለሚያስቡ ሁሉ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ማን ማንን እንዳገኘ እንነጋገር። አውሮፓውያን ፓስፊክን ከማቋረጣቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የፖሊኔዥያ ሰዎች ሁለት ታንኳ አጣምረው፣ ያለ ኮምፓስ፣ ኮከቡን፣ የማዕበሉን አመጣጥና የወፉን በረራ እያነበቡ ሃዋይን፣ ራፓ ኑይንና ኒውዚላንድን ሰው አስፍረውባቸዋል። ራሱ ኩክ በ1769 ከታሂቲ ሲነሳ ቱፓያ የሚባል የራያቴያ ተወላጅ መርከበኛ አሳፍሮ ነበር። ቱፓያ ከሰባ በላይ ደሴቶችን የያዘ ካርታ ሠራላቸው፤ ኒውዚላንድ ሲደርሱም አስተርጓሚያቸው ሆነ። በ1770 መጨረሻ በዛሬዋ ጃካርታ ሞተ። መንገዱን የሚያውቀው ቱፓያ ነው፤ በደብተራችን ላይ ስሙ ያለው ግን የኩክ ነው።

«አገኘ» የምትለዋ ቃል የመጀመሪያዋ ዙልም ናት የምለው ለዚህ ነው። «አገኘሁት» ያልከውን ነገር «የኔ ነው» ለማለት አንድ እርምጃ ብቻ ይቀርሃል።

ማጄላንን እንይ። በመጋቢት 1521 በረሃብ የተዳከሙ ሰዎቹን ይዞ ጉዋም ደረሰ። የደሴቲቱ ሰዎች፣ ቻሞሮዎች፣ መርከቦቹ ላይ ወጥተው ዕቃ አነሱ፤ አንዲት ትንሽ ጀልባም ወሰዱ። የዛሬ የቻሞሮ ምሁራን በባህላቸው እንግዳ ሲመጣ መስጠትና መቀበል አብረው እንደሚሄዱ ያስረዳሉ። እሺ፣ ስርቆት ነው እንበል። ቅጣቱ ምን ሆነ? ማጄላን አርባ ያህል የታጠቁ ሰዎች ይዞ ወረደ፤ ከአርባ እስከ ሃምሳ ቤት አቃጠለ፤ ሰባት ሰው ገደለ። ይህን የጻፈው ጠላቱ አይደለም፤ አብሮት የተጓዘው ፒጋፌታ ነው። ከዚያም ደሴቶቹ «የሌቦች ደሴቶች» ተባሉ። ሰው ቤትህን አቃጥሎ፣ ወንድምህን ገድሎ ሲሄድ ስምህን «ሌባ» ብሎ መጽሐፍ ላይ ጻፈልህ!

ይህ የአንድ ቁጡ ካፒቴን ጥፋት ብቻ አይደለም። ከኋላው ሕግ ነበር። በ1452 የወጣው «ዱም ዲቨርሳስ» የተባለው የጳጳሱ ደብዳቤ የፖርቱጋል ንጉሥ «ሳራሴኖችንና» አረማውያንን እንዲወጋ፣ አገራቸውን እንዲይዝና ለዘለዓለም ባሪያ እንዲያደርጋቸው ፈቀደ። ሳራሴን ማለት ሙስሊም ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ስለ ፓስፊክ ሕዝቦች ስናወራ ስለ ባዕድ የምናወራ አይምሰልህ። ያ ወረቀት ከእነሱ በፊት የጠራው አንተን ነው። ቫቲካን ራሷ በ2023 ከዚህ «የግኝት አስተምህሮ» ከሚባለው ነገር ጋር እንደማትስማማ በይፋ አስታውቃለች። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችሁን የምትወቅሱበት ነገር እንዳታደርጉት! የዛሬ የፓስፊክ ሰዎች አብዛኞቹ ክርስቲያን ናቸው፤ መብታቸውንም እየጠየቁ ነው። ጠባችን ከዙልም ጋር ነው።

አሁን «ሰዉን የጨረሰው በሽታ ነው፤ በሽታ ደግሞ ቀደር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ቀደርማ ነው። ግን በሩን የከፈተው ማን ነው? እንግሊዝ ፊጂን በ1874 ያዘች። በሚቀጥለው ዓመት የፊጂውን አለቃ ዛኮምባውን ከሲድኒ የመለሰችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ኩፍኝ ይዛ ገባች፤ ተሳፋሪዎቹን ለይቶ ያቆየ አልነበረም። ወደ 40,000 ሰው አለቀ። በኅዳር 1918 ደግሞ «ታሉኔ» የምትባል መርከብ ኢንፍሉዌንዛ ይዛ ከኒውዚላንድ ተነስታ ሳሞዋ ደረሰች። የኒውዚላንድ አስተዳዳሪዎች አስገቧት። ከሕዝቡ ከአምስት አንዱ በላይ፣ ወደ 8,500 ሰው ሞተ። ጎረቤቷ የአሜሪካ ሳሞዋ ወደቧን ዘጋች፤ በወረርሽኙ አንድም ሰው አልሞተባትም። ሕዝቡ አንድ፣ በሽታው አንድ፣ ልዩነቱ የሰው ውሳኔ ነው! ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ካለበት አገር ያለ እንዳይወጣ፣ ውጭ ያለም እንዳይገባ ያስተማሩት ከዚያ ከ1,200 ዓመት በላይ ቀድመው ነው።

ራፓ ኑይስ? በ1722 ሮጌቬን የተባለ የሆላንድ ሰው ደረሰ፤ ሰዎቹ ወደ ምድር በወረዱበት ቀን ተኩሰው አሥር ያህል ሰው ገደሉ። በ1862 እና 63 ከፔሩ የመጡ ባሪያ ፈንጋዮች ከ1,000 በላይ ሰው አፍሰው ወሰዱ። ከሞት ተርፈው የተመለሱት ጥቂቶች ፈንጣጣ ይዘው ገቡ። በ1877 በደሴቲቱ የቀረው ሰው 111 ብቻ ነበር። ሥልጣኔ መጣላቸው ስትለኝ ለየትኛው ሰው መጣ ብዬ ብጠይቅህ ምን ትመልሳለህ?

«እነሱም እርስ በርስ ይዋጉ ነበር» ይባላል። ልክ ነው፤ መላእክት አልነበሩም። ግን የጎረቤትህ ቤት ውስጥ ጠብ ስላለ ቤቱ ያንተ አይሆንም።

የዙልሙ ባለቤቶች እንኳ አምነዋል። የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በ2002 ሳሞዋን ይቅርታ ጠይቀዋል። የኩክ ሰዎች በ1769 ስለገደሏቸው ማኦሪዎች የእንግሊዝ መንግሥት ተወካይ በ2019 ጸጸታቸውን ገልጸዋል። ወራሹ ያመነውን ጥፋት እኛ ከሩቅ ሆነን ጠበቃ የምንቆምለት ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ ራሳችንንም እንፈትሽ። «ሙስሊም መርከበኞች እንዲህ አላደረጉም» ብሎ መፎከር ይቀናናል። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ሙስሊም ነጋዴዎች ሰው ሸጠዋል፤ ከዚሁ ከኛ ምድር ሳይቀር። የቢላልን አዛን እያወደስን ያንን መደበቅ አያምርብንም። ዐድል ለወገንና ለባዕድ የሚቀያየር ሚዛን አይደለም።

በባዕድ ምድር መድረስ እንዴት እንደሆነ ግን እናውቃለን። ሶሐቦች ባሕር ተሻግረው ወደ ነጃሺ አገር ሲመጡ ባንዲራ አልተከሉም፤ ለአገሩም አዲስ ስም አላወጡለትም። እንግዳ መሆናቸውን አውቀው ከንጉሡ ፊት ቆሙ፤ ሲጠየቁ እውነቱን ተናገሩ። ኩክ በነሐሴ 1770 ማንንም ሳያስፈቅድ የአውስትራሊያን ምሥራቃዊ ዳርቻ በሙሉ የንጉሤ ነው አለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ጀምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ «አገኘ» ተባለ። ውሃውን ሲቀዱ የኖሩት የሰከላ ገበሬዎች ምን ሊባሉ ነው? ያቺ ቃል እኛም ቤት ገብታለች።

ስለዚህ ለፈተና የምትቀመጠው ወንድሜ፣ ማርክህን አትጣ፤ ግን ደብተርህን አርመው። «ሃዋይን ያገኘ» የሚለውን ሰርዝና «ሃዋይ እንደደረሰ የሚታወቅ የመጀመሪያው አውሮፓዊ» ብለህ ጻፍ። መምህርህ ከጠየቀህ ስለ ቱፓያ በአደብ ንገረው። በ1976 «ሆኩሌዓ» የተባለች ታንኳ ያለ ምንም መሣሪያ ከሃዋይ ታሂቲ መድረሷንም ጨምርለት፤ የመራት ማው ፒያይሉግ የተባለ የሳታዋል ደሴት መርከበኛ ነው። ዕውቀቱ ዛሬም ሕያው ነው።

አላህ ሐቅን ሐቅ አድርጎ ያሳየን፣ እንድንከተለውም ያግራልን። ለማናውቀው፣ ለማይመስለንም ሰው ዐድል ከሚያደርጉት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።