ቀለሙ ይቆይ፣ ሽቦው ይቅደም

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስ የሚያሳድስ ሰው የሚከተለው መንገድ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። መኪናዋ መጀመሪያ ባቲላሜራ ጋ ትገባለች፤ የዛገው ተቆርጦ ይወጣል፣ አዲስ ላሜራ ይበየዳል። ከዚያ ስቱኮ፣ ከዚያ ቀለም። ቀለሙ ሲደርቅ ወንበሮቹ ተነቅለው ታፒሴሪያ ይላካሉ፤ ፓራውልቱም ኒኬል ይነከራል። በመጨረሻ፣ ፎቶው ሁሉ ተነስቶ ካለቀና ገንዘቡም ከተሟጠጠ በኋላ፣ «ትንሽ የመብራት ሥራ ነው የቀረው» ተብሎ ኤሌክትሪሺያን ይጠራል። የሚሰጠው ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የሚሰጠው ማሳሰቢያ ደግሞ «አደራ፣ ቀለሙን እንዳትጭረው» የሚል ነው።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቀለሟ የተበላሸ መኪና ታስቀይማለች እንጂ አትነድም። ሽቦዋ የተበላሸ ግን ባለቤቷን ዝናብ ላይ ከመገተር ጀምራ ሰው እንደጫነች እሳት እስከ መያዝ ልትደርስ ትችላለች።

የዛሬ አሥር ዓመት ይህ የጥቂት አፍቃሪዎች ጨዋታ ነበር ቢባል ያስኬዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ከዚህ በኋላ አገር ውስጥ ያለ መኪና፣ ስንት ዘመን ቢያስቆጥርም፣ እንዲሁ የሚጣል ነገር መሆኑ ቀረ። ቮልስ ራሷ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ያለችው ያለችው ናት። ጓሮ የቆመችው ሁሉ ወደ ጋራዥ እየተጎተተች ነው፤ ብዙዎቹም ውጫቸው አዲስ፣ ሆዳቸው አሮጌ ሆኖ ወደ መንገድ ይመለሳሉ።

የሚያናድደው፣ የቮልስ የኤሌክትሪክ ሥራ ከፋብሪካ ሲወጣ በጣም ትንሽ መሆኑ ነው። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የራዲያተር ውኃ የለም፣ የራዲያተር ፋን የሚያዞር ኤሌክትሪክም የለም። የነዳጅ ፓምፑን የሚገፋው ሞተሩ ራሱ ነው። በብዙዎቹ ላይ የመስታወት ውኃ መርጫው እንኳ ኤሌክትሪክ አያውቅም፤ የሚሠራው ከስኮርታው ጎማ በሚመጣ አየር ነው። (ስኮርታው ጎማ አየር ያጣው ለምንድን ነው እያለ የሚገረም ባለቤት ካለ አንድ ምክንያት እነሆ።) መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ኮይል። በዚህ አለቀ ማለት ይቻላል።

ዛሬ ከክሩስኮቷ ሥር እጁን የሚሰድ ሰው የሚያገኘው ግን ሌላ ነው። አንዱ ባለቤት ቴፕ አስገጠመ፣ ሌላው የሌባ አላርም፣ ሦስተኛው የጉም መብራት። ዕቃዎቹ ተሸጡ ወይም ተሰረቁ፤ ሽቦዎቻቸው ግን ተቆርጠው እዚያው ተንጠልጥለው ቀሩ፤ አንዳንዶቹ አሁንም ኃይል አላቸው። ክላክሱ ከመሪው ላይ አልሠራ ሲል የቤት ደወል መጫኛ ተገጠመለት። የፍሬን መብራቱ ሲጠፋ የተቋረጠበትን ቦታ ከመፈለግ ይልቅ ከፊት እስከ ኋላ አዲስ ሽቦ ምንጣፍ ሥር ተሳበ። ሁሉም በናስትሮ ተጠቀለለ። የናስትሮው ሙጫ በሙቀት ቀለጠ፣ አቧራ ጠጣ፣ ተላጠ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ «ለጊዜው ይሁን» ነው እዚያ ውስጥ ያለው።

ከጥፋቶቹ ሁሉ የከፋው የቀለም ጥፋት ነው፤ የሽቦ ቀለም ማለት ነው። ጀርመኖቹ ይህችን መኪና ሲሠሩ እያንዳንዱን ሽቦ ስም ሰጥተውታል። ቀይ ሽቦ ቁልፍ ቢጠፋም ባይጠፋም ከባትሪ ኃይል ያለው ነው። ጥቁሩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚያገኝ ነው። ቡኒው ኔጋቲቭ፣ ግራጫው የማቆሚያ መብራት፣ ነጩ ረጅም መብራት፣ ቢጫው አጭር። ፍሬቻው ለግራ ጥቁርና ነጭ፣ ለቀኝ ጥቁርና አረንጓዴ ነው። ሽቦው የሚገባበት ተርሚናልም ቁጥር አለው፤ ደረጃው ዲን 72552 ይባላል። 30 ከባትሪ፣ 15 ከቁልፍ፣ 31 ኔጋቲቭ፣ 50 ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው። ይህ የጥንት ነገር አይደለም፤ ዛሬ ሶማሌ ተራ የሚሸጥ ተራ ሪሌይ ሥሩ ሲታይ 30፣ 85፣ 86፣ 87 ተብሎ ተጽፎበታል፤ ቁጥሩ የመጣው ከዚያው ደረጃ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው መኪናዋን እንደ ጋዜጣ ያነባታል። ከሱቅ አንድ ጥቅል ቀይ ሽቦ ገዝቶ ኔጋቲቩንም፣ ፍሬቻውንም፣ የፍሬን መብራቱንም በዚያው በቀይ የሚያስር ሰው ግን ጋዜጣውን ቀለም ደፍቶበታል። ከእሱ በኋላ የሚመጣ ኤሌክትሪሺያን ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል፤ ባለቤቱም ያንኑ ፍለጋ ደግሞ ደጋግሞ ይከፍላል።

ወደ እሳቱ እንምጣ። ብዙ ሰው ፊውዝ የተሠራው አምፖሉን ወይም ቴፑን ለማዳን ይመስለዋል። ፊውዝ የሚያድነው ሽቦውን ነው። ሽቦው መሸከም ከሚችለው በላይ ኃይል ሲመጣ ሽቦው ግሎ ልባሱን ከማቅለጡ በፊት ፊውዙ ይሞታል፤ ሥራው መሞት ነው። የቮልስ ጥንታዊ ፊውዝ ትንሽ የሸክላ ዘንግ ናት፤ ነጯ 8 አምፔር፣ ቀይዋ 16። በተቃጠለች ቁጥር በሲጋራ ወረቀት ብር መጠቅለል ወይም የሽቦ ክር ማሰር «ብልሃት» ተብሎ ኖሯል። ብልሃቱ የሚሠራው በትክክል ነው፤ ፊውዟ ከዚያ በኋላ አትቃጠልም። የሚቃጠለው ሌላ ነገር ነው።

በዚህ ላይ ፋብሪካው ራሱ የተወው ክፍተት አለ። ከባትሪው ተነስቶ በቦዲው ጎን ወደ ፊት የሚመጣው ዋናው ወፍራም ቀይ ሽቦ ፊውዝ ላይ ከመድረሱ በፊት ያለው ርቀት ሁሉ ጠባቂ የለውም። ልባሱ አንድ ቦታ ተፍቆ ቦዲ ከነካ ባትሪው ያለውን ኃይል ሁሉ እዚያ ነጥብ ላይ ያፈስሳል። የነዳጅ ታንኩ ደግሞ ከፊት ኮፈን ሥር ነው፤ ከክሩስኮቱ ጀርባ ካለው የሽቦ ጫካ የሚለየው ከካርቶን የተሠራ መሸፈኛ ነው፤ ያውም ካለ። በብዙዎቹ ላይ ካርቶኑ ከጠፋ ዘመን የለውም።

ባትሪው የት እንዳለ የማያውቅ ተሳፋሪም ብዙ ነው። ያለው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ የኋላ ወንበር ነበር፤ ስለዚያ ወንበር ብዙ ተብሏል፣ ከሥሩ ስላለው ባትሪ ግን የሚያወራ የለም። ወንበሩ የብረት ሞላ አለው፤ የድሮው ሙሌቱ ደግሞ ቃጫ መሰል፣ እንደ ጭድ የሚነድ ነገር ነው። ከገበያ የተገዛው ባትሪ ከዋናው ረዘም ያለ ከሆነና መክደኛው ከሌለ፣ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ ሞላው ወርዶ ፖዘቲቩን ይነካል። ቮልስ በሚነዳበት አገር ሁሉ የታወቀ አደጋ ነው። መድኃኒቱ አንድ የፕላስቲክ መክደኛና ቁመቱ የተለካ ባትሪ ነው። ወንበሩን በቆዳ ለማልበስ የሚወጣው ገንዘብ አጠገብ ሲቀመጥ ይህ ወጪ ከቁጥር አይገባም።

ከእሳት ወረድ ሲል ደግሞ ኔጋቲቩ አለ። ፍሬቻ ሲበራ የፊት መብራቱ አብሮ ጭል ጭል ካለ፣ ፍሬን ሲያዝ የማቆሚያ መብራቱ ከደበዘዘ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ አምፖሉ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለስበት መንገድ ተዘግቷል። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ የተቀመጡት ጎማ ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ካምቢዮውን ከቦዲው ጋር የሚያገናኝ አንድ ጠፍጣፋ የተጎነጎነ ሽቦ አለ። እሱ ሲበጠስ የሞተሪኖው ኃይል ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም የነዳጅ መስጫውን ወይም የፍሪሲዮኑን ገመድ ነው። ገመዱ ይግላል፣ ይደርቃል፣ አንድ ቀን ይበጠሳል። ባለቤቱ ገመድ እየቀየረ ይኖራል።

ቀለም ይቆይ የሚያሰኘው ዋናው ነገርም እዚሁ ላይ ነው። አዲስ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቀቢው ኔጋቲቭ የሚታሰርባቸውን ነጥቦች ሁሉ አሳምሮ ይቀባቸዋል፤ ከቅብ በፊት ይሠራ የነበረው መብራት ከቅብ በኋላ አልበራ ይላል። ከዚያ ኤሌክትሪሺያኑ ሊፍቅ ካቻቢቴውን ሲያወጣ ባለቤቱ ይጮሃል። ሽቦው ይቅደም ሲባል አዲሱ ሽቦ በቀለም ይረጭ ማለት አይደለም። መኪናዋ ከመራቆቷ በፊት ኤሌክትሪሺያኑ ይያት፣ አሮጌው ሽቦ ሳይቆራረጥ በሙሉ ተነቅሎ ይውጣ፣ ርዝመቱ ይለካ፣ የኔጋቲቩ ነጥቦች ተመዝግበው በቅብ ጊዜ ይሸፈኑ፣ አዲሱ ሽቦ ከቅብ በኋላ ግን ጣሪያው ጨርቅና ምንጣፉ ከመግባታቸው በፊት ይዘርጋ ማለት ነው። ምንጣፉ ከተለጠፈ በኋላ የተጠራ ሰው ያለው ምርጫ በአሮጌው ጎን ሌላ መሳብ ብቻ ነው።

ሽቦው ራሱ የመኪና ሽቦ መሆን አለበት፤ በብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራው። ለቤት ግድግዳ የሚገባው ባለ አንድ ወፍራም ዘንግ ሽቦ በመኪና ንቅናቄ ይሰበራል፤ ስብራቱ ልባሱ ውስጥ ስለሆነም አይታይም። መገናኛውን በስታኞ መበየድ የሚወዱ አሉ፤ ብየዳው ባለቀበት ጫፍ ላይ ሽቦው ይደርቅና እዚያው ይቀነጠሳል፤ በትክክለኛ ፒንሳ የተጨመቀ ተርሚናል ይሻላል።

ከጋራዥ ሰዎች ጋር ሙግት የሚያስነሳው ሌላው ነገር ሪሌይ ነው። የቮልስ ሞተሪኖ የሚታዘዝበት ሽቦ ከኋላ ተነስቶ ፊት ያለው ቁልፍ ጋ ደርሶ እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል። ሽቦው ሲያረጅና የቁልፉ መገናኛ ሲቃጠል ኃይሉ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ሞተሩ ሲሞቅ «ጧ» ብሎ ዝም ይላል። ስንት ደህና ሞተሪኖ በዚህ ምክንያት ተቀይሯል! ከኋላ የተገጠመ አንድ ሪሌይ ነገሩን ይጨርሰዋል። የፊት መብራቱም እንዲሁ፤ 100 ዋት አምፖል የሚያስገባ ሰው በአንድ አምፖል ብቻ ከ8 አምፔር በላይ በዚያ አሮጌ ማብሪያ እያሳለፈ ነው። አንጋፋ አፍቃሪዎች «ሪሌይና ተጨማሪ ፊውዝ ኦሪጅናልነቷን ያበላሻል» ይላሉ። ክርክሩ ለሙዚየም መኪና ይሠራል። ዝናብ ላይ ማታ የምትነዳ መኪና ግን ከወንበር ሥር የማይታይ ሪሌይ ቢኖራት ምኗ ይቀነሳል? እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ በ6 ቮልት የተሠሩትን ወደ 12 መቀየርም ያው ነው፤ የ6 ቮልቱ ሽቦ ወፍራም ስለሆነ፣ ጤነኛ ከሆነ፣ ለ12 ይበቃል፤ አምፖሉ፣ ኮይሉ፣ ዲናሞውና የፍሬቻው ሪሌይ ግን መቀየር አለባቸው።

ኤሌክትሪሺያኖቹን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሕ አይደለም። ከመካከላቸው ይህን ሁሉ ከእነዚህ ባለቤቶች በተሻለ የሚያውቁ፣ በመሞከሪያ አምፖል ብቻ ጥፋቱን የሚያገኙ አሉ። ችግሩ የአከፋፈሉ ነው። ባለቤቱ ለሚታይ ዕቃ ይከፍላል፤ ለቀለም ጋሎን፣ ለቆዳ ሜትር፣ ለመብራት ብርጭቆ። አራት ሰዓት ሙሉ ጀርባው ላይ ተኝቶ የተቋረጠ ሽቦ ለፈለገ ሰው «ምን ቀየርክ?» ይለዋል። ምንም ካልቀየረ የሚከፈለው የቡና ነው። እንዲህ የሚከፈለው ሰው ፍለጋውን ትቶ ቀጥታ ሽቦ ቢስብ ማን ይፈርድበታል? ሥራው በቀን ይታሰብ፤ ሳምንት ከፈጀም ሳምንት። ሳምንቱ ውድ የሚመስለው ለአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ በየሁለት ወሩ የሚከፈለው እስኪደመር ድረስ ነው።

ሲረከቡም የሚጠየቅ አንድ ነገር አለ፤ ወረቀት። የትኛው ሽቦ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ ቀለሙ ከፋብሪካው የተለየው የቱ ጋ እንደሆነ፣ የተጨመረው ፊውዝና ሪሌይ የት እንደተቀመጠና ስንት አምፔር እንደሆነ፣ በአማርኛ፣ በእስክሪብቶ፣ በአንድ ገጽ። በላስቲክ ይጠቅለልና በክሩስኮቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። መኪናዋ ስትሸጥ ከሊብሬው ጋር አብሮ ይሰጥ።