የነዳጁ ውሃና የእኛ ጀሪካን



ከመካከላችን ውሃ ሳትቀዳ ያደገች ጥቂት ናት። ጎህ ሳይቀድ ምንጭ ወርደናል፣ ቦኖ ላይ ተሰልፈናል፣ ጀሪካን አዝለናል። ዛሬ ደግሞ ወንዝ በሌለበት አገር ግቢና መኪና በጎማ እናጥባለን። "ውሃ አታባክኚ" የሚለው ቁጣም የሚወርደው በእኛ ላይ ነው። ቁጣው አግባብ የለውም አንልም፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ አብዛኛው ከባሕር ተቀድቶ፣ ብዙ ኃይል ወጥቶበት ጨዉ የተለየለት ነው። ነገር ግን የውሃው ጉዳይ በእኛ ባልዲ ብቻ የሚያልቅ አይደለምና ዛሬ ስለ ሌላ ውሃ ልናወጋችሁ ወደድን።

ነዳጅ ከመሬት ሲወጣ ብቻውን አይወጣም። ጨውና ዘይት ያለበት ውሃ አብሮት ይመጣል። በደቡብ ኦማን በረሃ፣ ኒምር በተባለው የነዳጅ ቦታ፣ ለአንድ በርሜል ነዳጅ 10 በርሜል ያህል ውሃ ይወጣል። በእኛ ሒሳብ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 80 ገደማ መሆኑ ነው! ይህ ውሃ ቀድሞ በኃይለኛ ፓምፕ እየተገፋ ተመልሶ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይጣል ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ ወዲህ ግን ሥራው ለሸምበቆ ተሰጠ። አዎ፣ በየወንዛችን ዳር እንደምናውቀው ያለ ሸምበቆ። መጀመሪያ ዘይቱ ተለይቶ ይወሰዳል፤ ውሃው ከዚያ ከ350 ሄክታር በላይ በሆነ የሸምበቆ መደብ ውስጥ ያልፋል። በሥሩ ዙሪያ የሚኖሩ፣ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን የቀረውን ዘይት ይበሉታል። ውሃው በራሱ ቁልቁል ስለሚፈስ የሚፈልገው ኃይል ጥቂት ነው። እንዲህ ሆኖ በቀን ከ100,000 ሜትር ኩብ በላይ ይጣራል፤ 5 ሚሊዮን ጀሪካን ማለት ነው። ደረቅ በነበረው ምድር ከመቶ ዓይነት በላይ ወፎች ታይተዋል።

ደስ ይላል፤ የሚቆጨንም አለ። ሸምበቆው ዘይቱን እንጂ ጨዉን አያስወግድም። ስለዚህ ውሃው በመጨረሻ ወደ ሰፋፊ ኩሬዎች ፈስሶ በፀሐይ እንዲተን፣ ጨዉ እንዲቀር ተደርጎ ነው የተሠራው። ጨው የሚችሉ ተክሎችን በእርሱ የማብቀል ሙከራ ተደርጓል፤ ሙከራ ሆኖ መቅረት ግን የለበትም እንላለን። የኒምር ውሃ ጨውነቱ ከባሕሩ እጅግ ያነሰ ነው። ባሕርን የሚያጣራ አገር ይህን እንዴት ያቅተዋል? በኩዌት ሱለይቢያ እኮ እኛ ዕቃና ልብስ ያጠብንበት ውሃ ሳይቀር ከቤቶች ፍሳሽ ጋር ተጣርቶ ለእርሻ እንዲውል ተደርጓል።

የነዳጅ ውሃ ይጠጣ፣ ሰላጣ ይጠጣበት ማለታችን አይደለም። ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ሳይመረመር ወደ ማዕድ መቅረብ የለበትም። ለቁፋሮ፣ ለነዳጅ ቦታው ሥራና ለጥላ ዛፍ ግን ንጹሕ የከርሰ ምድር ውሃ ከመቅዳት በፊት እርሱ ይቅደም። ስለ ቁጠባ አስቀድሞ የሚጠየቀውም ባለ ጉድጓዱ ኩባንያ እንጂ ባለ ባልዲዋ ሠራተኛ መሆን የለባትም።

ግቢውን በጎማ ፋንታ በባልዲ እጠቢ የተባላችሁ እህቶች ጽፋችሁልናል። ባልዲ በእርግጥ ውሃ ይቆጥባል፤ ወገብ ግን ይጎዳል። ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያ እንዲገዛላችሁ ማዳምን ጠይቁ።