የማረሚያ ቤቶች የኃይል ቁጠባ ከማብሰያ ቤቱ ሊጀመር ይገባል

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ስንቅ ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ማረሚያ ቤት የሚመጣ ቤተሰብ፣ የማረሚያ ቤት የኃይል ችግር ሲነሳ በቅድሚያ የሚታወሰው መብራት ሊሆን ይችላል። ብዙ ታራሚዎች በሚቀለቡበት ተቋም ግን ከፍተኛው ፍጆታ የሚገኘው በማብሰያ ቤቱ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ ይህም ባለ 10 ዋት 350 አምፖሎችን ሊያበራ የሚችል ነው። ምጣዱ በማገዶ ሲሠራ ደግሞ ተቋሙ በጉና ዙሪያ ካለው ነዋሪ ጋር በአንድ የባሕር ዛፍ ገበያ ይሻማል፤ ጭሱም በማብሰያ ቤት በተመደቡ ታራሚዎች ሳንባ ላይ ያርፋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የተረጋገጠው ሰብዓዊ ክብርን የሚጠብቅ አያያዝ ይህንንም ሊመለከት ይገባል።

የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኃይል ቁጠባንና ብቃትን በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ አስገብቷል። በተግባር ሲታይ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነው አማራጭ እንደ «ምርት» ያለ የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ሲሆን፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ባዮጋዝ ነው። ሩዋንዳ በማረሚያ ቤቶቿ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽን ወደ ማብሰያ ጋዝ የሚለውጡ ማብላያዎችን ገንብታ የማገዶ ፍጆታን በግማሽ ያህል ቀንሳለች፤ ሥራውን የመራው የኪጋሊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2005 የአሽደን ሽልማትን አግኝቷል። ብዙ ሰው በአንድ ግቢ ስለሚኖር ግብዓቱ አይቋረጥም፤ ተረፈ ምርቱም ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጋዙን የሚያመነጩት ረቂቅ ተሕዋስያን ሙቀት ይፈልጋሉ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው ነፋስ መውጫ ብርዱ ምርቱን ስለሚቀንስ ማብላያውን በጥልቀት መቅበርና ከቅዝቃዜ መከለል የግድ ነው። ወደ አባይና በሽሎ ሸለቆዎች በሚወርደው የስማዳ ቆላ ሙቀቱ ቢመችም የውሃ አቅርቦት አስቀድሞ መታየት ይኖርበታል። የኪጋሊን ንድፍ እንዳለ መቅዳት ለሁለቱም አያዋጣም።

የፀሐይ ኃይል ለመብራት፣ ለውሃ መሳቢያና ለገላ መታጠቢያ ውሃ ማሞቂያ ተስማሚ ነው። እንጀራን በፀሐይ ኃይል ለመጋገር ግን የሚያስፈልገው የፓነልና የባትሪ ወጪ ከፍተኛ በመሆኑ፣ በዚህ ረገድ ብዙ ተስፋ መስጠት ተገቢ አይሆንም።

በክልሉ ሥር ያሉት ማረሚያ ቤቶች የሚተዳደሩት በክልሉ በጀት ነው። በመሆኑም ማንኛውም ግዥ ከመፈጸሙ በፊት ለአንድ ቀን ቀለብ ስንት ኪሎ ግራም ማገዶና ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚውል በየተቋሙ ተለክቶ መመዝገብ አለበት። ለዚህ ሚዛን፣ ቆጣሪና መዝገብ ይበቃሉ።